የሠርግ አበባን በአነስተኛ ወጪ ማዘጋጀት፦ ከግዢው እስከ መልሱ

ጥር ሲቃረብ ስልኬ ላይ የሚደጋገመው ጥያቄ አንድ ነው። «ለአበባ ብቻ ይሄን ያህል ተጠየቅን፤ ምን ይሻለናል?» የሚጠይቁኝ የእህቴን፣ የአክስቴን ልጅና የጥቂት ጓደኞቼን የሠርግ አበባ በእጄ ስላዘጋጀሁ ነው። መልሱ በስልክ አያልቅም። ስለዚህ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እዚህ ጽፌዋለሁ።

መመሪያው መሀል አዲስ አበባ ለሚደግስ ሰው የተዘጋጀ ነው። ከፒያሳና ከአራት ኪሎ እስከ መስቀል አደባባይ፣ ከሜክሲኮ እስከ ካዛንቺስ ማለቴ ነው። ለምሳሌ የወሰድኩት 300 እንግዳ፣ 30 ጠረጴዛ፣ አራት ሴትና አራት ወንድ ሚዜ ያለበት ሠርግ ነው። የእናንተ ካነሰ ወይም ከበዛ ቁጥሩን አስተካክሉት፤ አካሄዱ አይለወጥም።

አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ያዙልኝ። የአበባ ወጪ የሚንረው ማንም ለማያየው ነገር ስንከፍል ነው። ተቆርጦ ለሚጣል ረጅም ግንድ እንከፍላለን። ለሁለት ሰዓት ብቻ ለሚቆም ጌጥ እንከፍላለን። አበባ በተወደደበት ሳምንት እንገዛለን። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ እነዚህን ሦስቱን ለመቀነስ ነው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ባለ 20 ሊትር ባልዲ፣ 7 ወይም 8። የቀለም ባልዲም በደንብ ከታጠበ ይሆናል።
- በውሃ የተሞላ ጀሪካን፣ ባለ 20 ሊትር፣ 4። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ከሆናችሁ ይህን ከሁሉም አስቀድሙ።
- ሹል የአትክልት መቀስ ወይም በደንብ የተሳለ ቢላዋ፣ ቢያንስ ሁለት። የወረቀት መቀስ ግንዱን ይጨፈልቀዋል፤ የተጨፈለቀ ግንድ ውሃ አይስብም።
- ወፈር ያለ ጓንት፣ ለእሾህ።
- በረኪናና ስኳር።
- ሪቫን፣ የጥጥ ክር፣ አረንጓዴ የአበባ ቴፕ፣ መርፌ ቁልፍ።
- ግልጽ ስኮች።
- ሁለት ሜትር የዶሮ ሽቦ።
- 30 ትንንሽ ማስቀመጫ። የጠጅ ብርሌ፣ ባዶ የለስላሳ ጠርሙስ ወይም የማርማላታ ብልቃጥ።
- ጋዜጣና ጠንካራ ካርቶን።
- ውሃ የሚረጭ ጠርሙስ።
- ሦስት ወይም አራት ትዕግሥት ያላቸው ዘመዶች። ቅዳሜ ማታ ያለ እነሱ አይሆንም።

1. ቀኑን ከአበባው ገበያ ጋር አስተያዩት

እኛ ዘንድ የሚሸጠው ጽጌረዳ አብዛኛው ለውጭ ገበያ ተብሎ የሚለማ ነው። ከሆለታ፣ ከሰበታ፣ ከሱሉልታ፣ ከቢሾፍቱና ከዝዋይ እርሻዎች ይመጣል። ውጭ አገር ፈላጊ ሲበዛ ለእኛ የሚተርፈው ያንሳል፤ ዋጋውም ይወጣል።

ፈላጊ የሚበዛባቸው ቀናት የታወቁ ናቸው። የፍቅረኞች ቀን የካቲት 7 ገደማ ይውላል። የሴቶች ቀን የካቲት 29 ገደማ ነው። በብዙ አገሮች የሚከበረው የእናቶች ቀን ደግሞ ከሚያዝያ 30 እስከ ግንቦት 6 ባለው እሑድ ላይ ያርፋል። አበባው ቀድሞ ስለሚጫን ጥድፊያው ከበዓሉ አንድና ሁለት ሳምንት አስቀድሞ ይጀምራል። ችግሩ ደግሞ እኛም ሁዳዴ ሳይገባ የምንጋባው በዚያው ሰሞን መሆኑ ነው።

ቀናችሁ ገና ካልተቆረጠ፣ ከጥር አጋማሽ በኋላ ያለው እሑድ ከየካቲት መጀመሪያ ይሻላል። ከፋሲካ በኋላ ከሆነም የእናቶችን ቀን ሰሞን እለፉት። ቀኑ ከተቆረጠ ግን አትጨነቁ። በደረጃ 4 እንደምታዩት የጽጌረዳውን ብዛት ቀንሱና ሌላውን አብዙ።

ማስጠንቀቂያ፦ ሠርጋችሁ ጥር 11 ወይም 12 ከሆነ አበባው ከጥር 10 ቀትር በፊት እጃችሁ ይግባ። ታቦታት ወደ ጃን ሜዳ ሲወርዱና ሲመለሱ የአራት ኪሎ፣ የስድስት ኪሎና የፒያሳ መንገዶች ይዘጋሉ። መንገድ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ የታፈነ አበባ በአንድ ሰዓት ይበላሻል።

2. ፍሬ በፍሬ ቁጠሩ

«አዳራሹ በአበባ ይሞላ» ብላችሁ ካዘዛችሁ የሚቆጥርላችሁ ሻጩ ነው። ወረቀት አውጡና እንዲህ ጻፉ።

- የሙሽራዋ እቅፍ፦ 20 ፍሬ
- የአራት ሴት ሚዜዎች እቅፍ፣ ለእያንዳንዷ 7፦ 28 ፍሬ
- የኮት አበባ፣ ለሙሽራው፣ ለአራት ሚዜዎችና ለሁለቱ አባቶች፦ 7 ፍሬ
- መኪና፦ 25 ፍሬ
- 30 ጠረጴዛ፣ በየጠረጴዛው 3፦ 90 ፍሬ
- የሙሽሮች መድረክ፦ 100 ፍሬ

ድምሩ 270 ነው። ለሚሰበርና ለማይፈካ አሥር በመቶ ጨምሩ። ወደ 300 ይጠጋል። አበባው በ20 ፍሬ ከታሰረ 15 እስር ማለት ነው። በ10 የሚያስሩም ስላሉ ዋጋ ስትጠይቁ «አንዱ እስር ስንት ፍሬ ነው?» በሉ። የእስር ዋጋ ብቻ አወዳድረው ርካሽ መስሏቸው ግማሹን ፍሬ ብቻ ይዘው የተመለሱ አሉ።

አንድ ጊዜ ከቆጠራችሁ የት መቀነስ እንደምትችሉ ይታያችኋል። እኔ መጀመሪያ የምቀንሰው ከመድረኩ ነው፤ ምክንያቱን ደረጃ 8 ላይ እነግራችኋለሁ። መጨረሻ የምነካው የሙሽራዋን እቅፍ ነው። እሱ ለዕድሜ ልክ በሚቀመጡት ፎቶዎች ሁሉ ላይ አለ።

3. አዳራሹንና ዲኮሬተሩን ጠይቁ

አበባ ከመግዛታችሁ በፊት አዳራሹ ከውጭ ዲኮር ማስገባት ይፈቅድ እንደሆነ እወቁ። አንዳንዱ የራሱን ዲኮር ብቻ ነው የሚያሠራው። አንዳንዱ ከውጭ ለገባ ያስከፍላል። ቀብድ ከከፈላችሁ በኋላ ይህን መስማት ከባድ ነው።

ዲኮሬተር ከያዛችሁ ደግሞ «ጠቅላላ ፓኬጅ» የሚለውን ዋጋ አትቀበሉ። በአራት እንዲከፍለው ጠይቁ፦ አበባ፣ የዕቃ ኪራይ፣ ጉልበት፣ ትራንስፖርት። ከዚያ የትኛውን ራሳችሁ እንደምትችሉት ይለያል። ብዙ ጊዜ የሚያዋጣው መድረኩን፣ ጨርቁንና መብራቱን ለዲኮሬተር ሰጥቶ እቅፉን፣ የኮቱን፣ የጠረጴዛውንና የመኪናውን በቤተሰብ መሥራት ነው።

ውሉ ላይ በጽሑፍ ይስፈሩ፦

- ትኩስ አበባው ስንት ፍሬ ነው? አርቴፊሻሉስ የት የት ይገባል?
- ማስቀመጫው ቢሰበር ማን ይከፍላል?
- አበባው ከዝግጅቱ በኋላ የማን ነው?

ይህች የመጨረሻዋ ጥያቄ ተራ ትመስላለች። የእህቴ ሠርግ ላይ ለመልሱ ልንጠቀምበት ያሰብነውን አበባ በሙሉ ዲኮሬተሩ ሌሊት ጭኖት ሄደ። የከፈልንበት አበባ ነበር። ግን ውሉ ላይ አልተጻፈምና ምንም ማለት አልቻልንም። በማግስቱ ጠዋት እንደገና ገዛን።

4. ዓይነቱን በቦታው ምረጡ

ሁሉንም ቦታ በአንድ ዓይነት አበባ መሙላት ብር ይበላል። እያንዳንዱ ቦታ የሚፈልገው የተለየ ነው።

*ጽጌረዳ።* ከደጋ እርሻዎች የሚመጣው ራሱ ትልቅ ነው። ከዝዋይ በኩል የሚመጣው አነስ ይላል፤ ዋጋውም ይቀንሳል። ትልቁን ለሙሽራዋ እቅፍና ለመድረኩ ፊት ለፊት ያዙት። ትንሹ ለጠረጴዛና ለኮት ይበቃል፤ ኮት ላይ እንዲያውም ትልቁ አያምርም።

የግንዱን ርዝመት አስተውሉ። ጽጌረዳ ደረጃ የሚወጣለት በግንዱ ርዝመት ነው፤ የ40 ሳንቲ ሜትሩ ከ60ው ወይም ከ70ው ይረክሳል። የሙሽራ እቅፍ ሲያልቅ ግንዱ 25 ሳንቲ ሜትር ነው። የብርሌው ደግሞ ከዚያም ያጥራል። ታዲያ ቆርጣችሁ ለምትጥሉት 40 ሳንቲ ሜትር ለምን ትከፍላላችሁ? «አጭሩን ስጡኝ» በሉ። ግንዱ ጠመም ያለውንም ጠይቁ። ለውጭ ገበያ የማይሆነው ግንዱ እንጂ አበባው አይደለም።

*ነጭ ወይስ ክሬም?* ክሬም ውሰዱ። ነጭ ጽጌረዳ በጣት የተነካበት ቦታ ሁሉ ቡናማ ሆኖ ይታያል፤ ብዙ ፍሬ ትጥላላችሁ። ክሬሙ ነገሩን ይሸፍናል። ፎቶ ላይ ከነጭ ቀሚስ ጋር ሲታይም ደስ ይላል።

*ካርኔሽን።* ጠርዙ የተተለተለው ክብ አበባ ነው። ብዙ ሰው ይንቀዋል፤ እኔ ግን እወደዋለሁ። ንጹሕ ውሃ ካገኘ ሁለት ሳምንት ሊቆይ ይችላል። ሙቀት ከጽጌረዳ ይልቅ ይችላል። አምስቱን ጠበቅ አድርጋችሁ ብታስሯቸው ከሩቅ አንድ ትልቅ አበባ ይመስላሉ። ለመኪናና ለመድረኩ የኋላ ክፍል እሱን ተጠቀሙ።

*ጂፕሶፊላ።* በቀጫጭን ቅርንጫፍ ላይ ጥቃቅን ነጭ አበባ ያለው ነው። አንዱ እስር ብዙ ቦታ ይሞላል። ሦስት ጽጌረዳ ባለበት ብርሌ ውስጥ አንድ ቅርንጫፍ ሲገባ ማስቀመጫው ሙሉ ይመስላል።

*ቅጠል።* ትልቁ ቁጠባ እዚህ ላይ ነው። የጥብስ ቅጠል ከአትክልት ሻጮች በእስር ይገኛል። ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ቶሎ አይጠወልግም፣ ጠረጴዛውን መልካም ሽታ ይሰጠዋል። ግራጫ ቀለም ያለው የባሕር ዛፍ ለጋ ቅጠል ከክሬም ጽጌረዳ ጋር በጣም ይስማማል። ከሰው ግቢ አስፈቅዳችሁ ቁረጡ፤ ከፓርክና ከመንገድ ዳር አትንኩ። አሪቲም ይሆናል። ለአዳራሹ መግቢያና ለቤቱ ወለል ደግሞ ቄጤማ አለልን። አንድ ሸክም ቄጤማ የሚሰጠውን ለምለምነት በጽጌረዳ ላምጣው ብትሉ አትችሉትም።

*አደይ አበባ።* መስከረም ላይ የምትጋቡ ከሆነ ለቤትና ለመግቢያ ያምራል። ከተቆረጠ በኋላ ግን ቶሎ ይጠወልጋል። የዚያኑ ዕለት ጠዋት ይምጣ፤ እቅፍ ውስጥ አታስገቡት።

ማስጠንቀቂያ፦ ጤና አዳም ሽታው ጥሩ ስለሆነ እቅፍ ውስጥ የሚያስገቡት አሉ። ፈሳሹ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ሊቃጠልና ውሃ ሊቋጥር ይችላል። ከሙሽራዋ እጅ ይራቅ። ሊሊ ከገዛችሁም መሀሉ ላይ ያሉትን ብናኝ ያዘሉ ጫፎች ሳይከፈቱ በጣት ንቀሉ። ብናኙ ነጭ ቀሚስ ላይ ካረፈ አይለቅም።

5. ቀድማችሁ እዘዙ፣ ሦስት ቀን ሲቀር ተቀበሉ

በጥርና በሚያዝያ ለሚደረግ ሠርግ ከአንድ ወር በፊት እዘዙ። ቢያንስ ሦስት አበባ ቤት ጠይቁ። ስትጠይቁ «ለሠርግ» ከማለት ይልቅ «15 እስር ጽጌረዳ፣ ባለ 40 ሳንቲ ሜትር፣ ክሬም፣ ሐሙስ ጠዋት» በሉ። የምትፈልገውን ቆጥራ ለመጣች ሰው የሚነገረው ዋጋ ይለያል።

ሠርጉ እሑድ ከሆነ አበባው ሐሙስ ይድረሳችሁ። ጽጌረዳ እምቡጥ ሆኖ ነው የሚመጣው፤ ለመፍካት ሁለት ሦስት ቀን ይፈልጋል። ቅዳሜ የገዛ ሰው እሑድ ያልተከፈተ እምቡጥ ይዞ ይቆማል። ያልተከፈተ አበባ ደግሞ ቦታ ስለማይሞላ ሌላ 100 ፍሬ ለመጨመር ትገደዳላችሁ።

ሲያስረክቧችሁ ይህን እዩ፦

- የአበባውን ራስ ከታች በሁለት ጣት ቀስ ብላችሁ ጫን አድርጉ። ጠንካራ ከሆነ ትኩስ ነው። ከለሰለሰ ቆይቷል።
- ከውጭ ያሉት ሁለት ቅጠሎች ትንሽ ላላ ያሉ ይሁኑ። ጭብጥ ብሎ አረንጓዴ የሆነው ያለ ጊዜው የተቆረጠ ነው፤ ሳይፈካ አንገቱን ሊደፋ ይችላል።
- የግንዱ ጫፍ ጠቁሮ ወይም ዝልግልግ ብሎ እንደሆነ አትቀበሉ።

የላይኛው ቅጠል ትንሽ ቢጠቁር ወይም ቢጨማደድ ግን አትመልሱት። አበባውን የሚጠብቅ የውጭ ቅጠል ነው። ተነቅሎ ሲወጣ ውስጡ ንጹሕ ነው። እንዲያውም በእሱ ሰበብ ዋጋ ማስቀነስ ትችላላችሁ።

6. ውሃ አጠጡት

ከሁሉም ደረጃ ይህን አትዝለሉ። ገንዘብ ቆጥባችሁ የገዛችሁት አበባ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ሀ. ባልዲዎቹን በበረኪና እጠቡና አለቅልቁ። ቆሻሻ ባልዲ ውስጥ ያለ ባክቴሪያ የግንዱን ቀዳዳ ይደፍናል፤ አበባው ውሃ ውስጥ ቆሞ በጥም ይሞታል።

ለ. በየባልዲው አምስት ሊትር ለብ ያለ ውሃ አድርጉ። አምስት የሾርባ ማንኪያ ስኳርና አንድ የሻይ ማንኪያ በረኪና ጨምሩ። ስኳሩ ምግቡ ነው፤ እምቡጡ እንዲፈካ ይረዳዋል። በረኪናው ባክቴሪያውን ይገድላል። ስኳር ብቻውን ካደረጋችሁ ባክቴሪያውን መገባችሁት ማለት ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ሎሚ ወይም አቼቶ ከበረኪና ጋር አትቀላቅሉ። መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል። «ሎሚ ይጨመርበት» የሚል ምክር ብትሰሙ በረኪናውን ተዉት።

ሐ. ከውሃው በታች የሚገባውን ቅጠል በሙሉ አራግፉ። ውሃ ውስጥ የገባ ቅጠል ይበሰብሳል። እሾሁን ስታነሱ ግን ልጡን አትላጡት።

መ. የግንዱን ጫፍ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ሰያፍ አድርጋችሁ ቁረጡ። ወዲያው ውሃ ውስጥ ክተቱት። ከደቂቃዎች በላይ ከቆየ አየር ይገባና የውሃውን መንገድ ይዘጋል።

ሠ. በአንድ ባልዲ ከ40 እስከ 45 ፍሬ አድርጉ። ከዚያ በላይ ከታጨቀ እርስ በርሱ ይቆሳሰላል።

ረ. ቢያንስ ስድስት ሰዓት ሳትነኩት ይቆይ። ሌሊቱን ቢያድር ይመረጣል። ዓርብ ማታ ውሃውን ለውጡና እንደገና ጫፉን ቁረጡ።

አንገቱን የደፋ ጽጌረዳ ካያችሁ አትጣሉት። ጫፉን ቁረጡ፣ ከነራሱ ቀጥ አድርጋችሁ በጋዜጣ ጠቅልሉት፣ ጥልቅ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ለሁለት ሰዓት አቁሙት። ብዙዎቹ ይነሳሉ።

7. የት ይደር?

ፀሐይ የማይገባበት፣ ንፋስ የማይመታው፣ ወለሉ ሲሚንቶ ወይም ሴራሚክ የሆነ ክፍል። የአዲስ አበባ የታኅሣሥና የጥር ሌሊት በጣም ስለሚቀዘቅዝ የቀዝቃዛ ክፍል ኪራይ አያስፈልጋችሁም። ቅዳሜ ጠዋት ገና ያልፈካ ካለ ሞቅ ወዳለ ክፍል አውጡት። በጣም የፈጠነውን ደግሞ ወደ ቀዝቃዛው መልሱት። አፈካኩን በዚህ ታስተካክላላችሁ።

ከፍራፍሬ አርቁት። የአክስቴ ልጅ ሠርግ ላይ ሁለት እስር ካርኔሽን ለድግሱ የተገዛ ሙዝ ካለበት ዕቃ ቤት አሳደርን። ጠዋት ስንከፍት አበባው ሁሉ ወደ ውስጥ ተጠቅልሎ ተኝቷል፤ ውሃም አላነሳውም። ሙዝ፣ አቮካዶና ማንጎ ሲበስሉ የሚያወጡት ጋዝ አበባን ያስረጃል፤ ካርኔሽን ደግሞ አይችለውም። የቤት ፍሪጅም ለዚህ አይሆንም። ፍራፍሬ ይቀመጥበታል፤ ግድግዳውን የነካው አበባም ይቃጠላል።

8. አዘጋጁት

የጠረጴዛውን፣ የመኪናውንና የመድረኩን ቅዳሜ ማታ አዘጋጁ። እቅፉንና የኮቱን ለእሑድ ንጋት ተዉት።

*እቅፍ።* አንድ ጽጌረዳ በግራ እጅ ያዙ። ሁለተኛውን ትንሽ አጋድማችሁ ደርቡበት። ሦስተኛውን በዚያው አቅጣጫ። አንድ በጨመራችሁ ቁጥር እቅፉን በእጃችሁ ትንሽ አዙሩት። ግንዶቹ እንደ ስንዴ ነዶ ይጠማዘዛሉ፤ አናቱም ክብ ሆኖ ይወጣል። ዳር ዳሩን ቅጠል አልብሱት። እጃችሁ የያዘበት ቦታ ላይ በክር አጥብቃችሁ እሰሩ፤ ግንዱን 25 ሳንቲ ሜትር ላይ እኩል ቁረጡት። ሪቫኑን ጠቅልሉበትና የግንዱን ጫፍ ውሃ ውስጥ አቁሙት። ሙሽራዋ እጅ ከመግባቱ በፊት በፎጣ ይደረቅ፤ ቀሚሱ ላይ ውሃ እንዳይንጠባጠብ።

*የኮት አበባ።* አንድ ትንሽ ጽጌረዳ፣ አንድ ዘንግ ጥብስ ቅጠል። ግንዱን አምስት ሳንቲ ሜትር አስቀሩ፤ በአበባ ቴፕ ጠበቅ አድርጋችሁ ጠቅልሉ። ሁለት ትርፍ ሥሩ። ሰው ሲተቃቀፍ አንዱ መቀጥቀጡ አይቀርም።

*ጠረጴዛ።* ብርሌ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል። አንገቱ ጠባብ ስለሆነ ሦስት ጽጌረዳና አንድ ጂፕሶፊላ ቀጥ አድርጎ ይይዛል። አፉ ሰፊ ብልቃጥ ከያዛችሁ በአፉ ላይ ስኮች በቁመትና በወርድ እንደ መረብ ለጥፉና በቀዳዳዎቹ አስገቡ። አበባው አይንሸራተትም፤ በአሥር ፋንታ በአምስት ፍሬ ይሞላል። ቁመቱ ከተቀመጠ ሰው አገጭ አይብለጥ። እንግዳ ከፊት ለፊቱ ካለው ሰው ጋር መተያየት አለበት። ሻማ ካለ ቅጠል አያስጠጉበት፤ የባሕር ዛፍና የጥብስ ቅጠል ዘይት ስላላቸው ፈጥነው ይያያዛሉ።

*መኪና።* ጽጌረዳ ኮፈን ላይ አይበረክትም፤ ከላይ ፀሐይ ከታች ሞተር ያበስለዋል። ካርኔሽንና ባሕር ዛፍ በዶሮ ሽቦ ላይ ሥሩ። ሽቦው ቀለሙን እንዳይጭር ከሥሩ ጨርቅ አልብሱት። በሪቫን ከኮፈኑ ሥር እሰሩት። ስኮች ቀለም ላይ አትለጥፉ። የኪራይ መኪና ከሆነ ቀለሙ ሲላጥ ከማስያዣችሁ ይቆረጣል። የሾፌሩን ዓይን የሚጋርድ ነገር አይኑር።

*መድረክ።* እዚህ ላይ ነው ብዙ የሚባክነው። እንግዳ መድረኩን የሚያየው ከሩቅ ነው። ከሦስት ሜትር በላይ ርቆ ወይም ከፍ ብሎ የሚሰቀለው አርቴፊሻል ቢሆን ማንም አይለየውም፤ መርካቶ ሞልቷል፣ ከዲኮሬተርም ይከራያል። ትኩሱን ሰው በሚጠጋበትና ካሜራ በሚቀርብበት ቦታ ብቻ አድርጉት። ይኸውም ሙሽሮቹ ፊት ያለው ጠረጴዛና ከወንበራቸው ግራና ቀኝ ነው። ቪዲዮ የሚቀርጸውን ልጅ ቀድማችሁ «ካሜራው የት ይቆማል?» በሉት። ከእሱ ፍሬም ውጭ የሆነው ቅጠል ብቻ ይሁን።

የአበባ ስፖንጅ ከተጠቀማችሁ ውሃ ላይ ጣል አድርጉትና ራሱ እስኪሰምጥ ጠብቁ። በእጅ ከተደፈቀ መሀሉ ደረቅ ይቀራል፤ እዚያ የተተከለው አበባ በሁለት ሰዓት ይጠወልጋል።

ማስጠንቀቂያ፦ የእርሻ ጽጌረዳ ለመብል ተብሎ አይለማም፤ ፀረ ተባይ ይረጭበታል። ቅጠሉን ኬክ ላይ ወይም ምግብ ላይ አትበትኑ። ኬኩን ማስጌጥ ካማራችሁ አበባው በሳህኑ ዙሪያ ይሁን፤ ኬኩን አይንካ። አበባ ስትሠሩ አምሽታችሁም እጅ ሳትታጠቡ ምግብ አትቅረቡ።

9. የዕለቱ ጉዞ

ባልዲውን ሦስት ጣት ውሃ ብቻ አስቀርታችሁ በካርቶን ውስጥ አቁሙት፤ በየመሀሉ ጋዜጣ ወትፉ። አበባው ከመጫኑ በፊት መኪናው በሩ ተከፍቶ ይቀዝቅዝ። በመሀል ከተማ ብዙ መንገድ ላይ መቆም ስለማይቻል አዳራሹ የዕቃ መግቢያው በየት በኩል እንደሆነ ቀድማችሁ እዩ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ መንገዱ ክፍት ነው፤ ያኔ ጨርሱ።

ለእቅፉ አንዲት ሚዜ ኃላፊ ትሁን። በግማሽ የተቆረጠ የሃይላንድ ፕላስቲክ ከትንሽ ውሃ ጋር ትያዝ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እቅፉ ከሙሽራዋ እጅ ሲወርድ እዚያ ውስጥ ይግባ። ከዚያ በኋላ ወዳጅነት ፓርክ ለፎቶ ስትሄዱ ሁለት ሦስት ሰዓት ፀሐይ አለ። በሁለት ፎቶ መሀል እንኳ ውሃ ያግኝ። የሚረጨው ጠርሙስም ከእሷ ጋር ይሁን።

10. አንዱን አበባ ሦስት ጊዜ አሠሩት

የሚዜዎቹ እቅፎች ከፎቶው በኋላ ሥራ የላቸውም። የሙሽሮቹ ጠረጴዛ ላይ አራት ባዶ ማስቀመጫ ቀድማችሁ አስቀምጡ፤ ሚዜዎቹ ሲገቡ እቅፋቸውን እዚያ ያቁሙ። ይህን ካሰባችሁበት ከመድረኩ 100 ፍሬ ውስጥ 28ቱን ከመጀመሪያው አትገዙትም።

ለመልሱ ደግሞ ሁለት ሰው መድቡ፤ ሥራቸውም ይህ ብቻ ይሁን። እንግዳ ሲወጣ የጠረጴዛውን አበባ ወደ ባልዲ ይሰብስቡ፣ በዚያው ሌሊት ጫፉን ቆርጠው ንጹሕ ውሃ ውስጥ ያሳድሩት። ጽጌረዳው ሐሙስ ቢገዛም ሰኞ መልስ ላይ ሙሉ በሙሉ ፈክቶ ከእሑዱ የበለጠ ያምራል። እንግዶች «አንድ አንድ ይዘን እንሂድ» ማለታቸው አይቀርም። ለእነሱ ከካርኔሽኑ ስጡ።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

- አበባውን በፕላስቲክ እንደተጠቀለለ ማሳደር። ላቡ ይዘውና ይሻግታል። ልክ እንደደረሰ ፍቱት።
- ስልክ ላይ ያዩትን የውጭ አገር አበባ መፈለግ። እዚህ የማይለማ አበባ በብዙ እጥፍ ይወደዳል። ቀለሙንና ቅርጹን አሳዩና እዚህ ባለው ይሠራ።
- ከአንድ ሰው ብቻ ማዘዝ። የአንዱ ቢጎድል የሚደወልለት ሁለተኛ አበባ ቤት ስልክ ይያዝ።
- ሳይለማመዱ መግባት። ከሠርጉ ሁለት ሳምንት በፊት አንድ እስር ገዝታችሁ አንድ እቅፍና አንድ የኮት አበባ ሞክሩ። ውሃ ውስጥ አቁሙትና ስንት ቀን እንደሚቆይ ቁጠሩ። ከየትኛው አበባ ቤት እንደምታዙ የሚወስንላችሁ ያ ነው።